የጠመኔ በር

ቤቱ ግድግዳ አልነበረውም። ጣሪያም፣ መስኮትም፣ መሠረትም አልነበረውም። የነበረው የማዘጋጃ ቤቱ ባዶ መጋዘን ወለል ላይ በነጭ ጠመኔ የተሰመረ መስመር ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ ሽማግሌዎቹ ሊገቡ ሲሉ ጫማቸውን ይጠርጉ ነበር።

ሐሳቡ የንድፍ ባለሙያዋ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ለሰፈሩ አረጋውያን የኪራይ ቤቶች ሊሠራ አቅዷል፦ ኪራያቸው ጡረታን የማያሟጥጥ፣ ግድግዳቸው ወፍራም ሆኖ በበጋ የማይግሉ በክረምት የማይበርዱ፣ የጣሪያቸው ውሃ ለጓሮው አትክልት የሚጠራቀም። እሷ ግን «ወረቀት ላይ የሚኖር ሰው የለም» አለችና አንዱን ቤት በልኩ ወለሉ ላይ አሰመረችው፤ የሚኖሩበት ሰዎች ራሳቸው እየዞሩ እንዲሞክሩት። ተንበርክካ ስለምትውል ጣቶቿ ነጭ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ሳይውሉ ሳያድሩ «ጠመኔ» አሏት። ስም በማውጣት ሽማግሌ አይታማም።

ከመጡት ሁሉ ጠመኔ የምትፈራቸው ጡረታ የወጡትን አዋላጅ ነበር። የሰፈሩን እኩሌታ በእጃቸው የተቀበሉ ሴት ናቸው፤ እሳቸው «ይሁን» ካሉ ሰፈሩ ይሁን ይላል፣ «እንጃ» ካሉ ሰፈሩም እንጃ ነው። በቂ ሰው ፈርሞ ካልተመዘገበ ደግሞ ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ይሰጣል። አዋላጇ እስካሁን እንጃ ላይ ነበሩ።

ያን ቀን ከዘራቸውን ይዘው፣ በሌለው መዝጊያ ላይ አንኳኩተው ገቡ።

«በሮችሽ ለምንድን ነው ሁሉም ወደ ውጭ የሚከፈቱት?»

«እማማ፣ ሰው ውስጥ ቢወድቅ በሩን በገላው ይዘጋዋል። ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ሊያነሳው የመጣ ሰው መግባት አይችልም። ለዚህ ነው፤ ዋናውም በር እንደዚያው ነው።»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!» አሉ አዋላጇ። ግን ፈገግ ብለው ነበር።

ይህን ጊዜ ልጃቸው ደረሰ። የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነው፤ ሥራውን ጨርሶ እናቱን ወደ ቤት ሊወስድ መጥቷል። ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ በመኝታ ቤቱ ግድግዳ በኩል ሰተት ብሎ ገባ።

«አንተ! ግድግዳ ጥሰህ የምትገባው ሌባ ነህ? በበር ግባ እንጂ!» አሉት እናቱ።

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ሾፌሩ ፊቱ ቀልቶ ወጣ፣ ዞረ፣ በሩ ጋ ቆመና «ቤቶች!» አለ።

ጠመኔ ከተንበረከከችበት ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። ነገሩ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላ ምክንያት የሚፈልግ ካለ ይፈልግ።

ከዚያ ወዲያ እናቱን ማመላለስ ዋና ሥራው ሆነ። አንቱታው ሳምንት እንኳ አልቆየም። የሜትሩን አንድ ጫፍ እሱ ይይዛል፣ ሌላውን እሷ፤ ከሚለኩት የሚተያዩት ስለሚበልጥ ኮሪደሩ ተሳስቶ ተሰመረ፣ ታርሞም እንደገና ተሳሳተ።

«የራስሽ ቤት እንዴት ያለ ነው?» አላት አንድ ቀን።

«ኪራይ ነው። መስኮቱን ስከፍተው የጎረቤት ግድግዳ ደህና አደርሽ ይለኛል።»

«የሰው ስትሠሪ የራስሽ ቀረ በይኛ!»

«የአንተስ?»

«እኔማ ከእናቴ ጋር ነኝ። የቤታችን ደረጃ ለጉልበቷ ከብዷል። ግን እዚህ ትግባ ብዬ እንዴት ብቻዋን ልተዋት?»

ሜትሩን ጠቀለለ። ጠመኔም ስለ ምዝገባው ትንፍሽ አላለችም። ወዳው ነበር፤ የሥራ ነገር መሃላቸው እንዲገባ አልፈለገችም።

ሥራው ግን ራሱ መጣ። አለቃዋ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ፣ ድምፁ ከእግሩ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። ሾፌሩ ወጥ ቤቱ ጥግ ተንበርክኮ የተሳሳተ መስመር በጨርቅ ሲያጠፋ አላየውም።

«ጎበዝ! አዋላጇን በልጃቸው በኩል ያዝሻቸው አሉ! እሳቸው ከፈረሙ ሰፈሩ በሙሉ ኪሳችን ገባ ማለት ነው።»

ጠመኔ ሳቀች። ደስ ብሏት አይደለም፤ አለቃ ሲቀልድ መሳቅ የለመደ አፍ ስላላት ነው። ግን ሳቅ ሳቅ ነው፤ የሳቁበትን ምክንያት ሰው ከየት ያውቃል? ሾፌሩ ብድግ አለ፣ እጁን አራገፈ፣ ግድግዳውን ረግጦ ወጣ። በበሩ በኩል አልዞረም። ልትከተለው አሰበች እንጂ አልተከተለችውም።

ከማግስቱ ጀምሮ አዋላጇ ቀሩ። እሳቸው ሲቀሩ ሌላውም አንድ በአንድ ቀረ፤ መጋዘኑ ጭር አለ። ጠመኔ ነገሩን አውጥታ አወረደችው። ሄዳ አዋላጇን ይፈርሙ ብላ ብትለምን፣ ልጃቸው «አላልኩም?» ይላል፣ እሱን ታጣዋለች። ዝም ብትል ቤቶቹ ይቀራሉ። ወዲህም እሳት ወዲያም እሳት ነው።

ምዝገባው ሊዘጋ ሲል፣ ሾፌሩ ሥራ ላይ የሚሆንበትን ሰዓት ጠብቃ የአዋላጇን ደረጃ ወጣች። እሷ እንኳ በወጣት ጉልበቷ አለከለከች።

«እማማ፣ ልለምንዎ ነው የመጣሁት።»

«ይፈርሙ ልትይኝ ነዋ።»

«አይደለም። እንዳይፈርሙ።»

አዋላጇ መነጽራቸውን አወለቁ። «ምን አልሽ?»

«እርስዎ ካልፈረሙ፣ የፈለግኩት እሱን እንጂ ፊርማዎን እንዳልሆነ ያምነኛል። ቦታው ይሂድ። ሌላ ፈልጌ ከሀ እጀምራለሁ...»

ሴትየዋ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ስንት ሴት ስታምጥ አይቻለሁ፤ እንዳንቺ የጨነቃት ግን ጥቂት ናት» አሉ። «በይ ስሚኝ። እኔ ይቺን ደረጃ ዓይኗን ማየት አልፈልግም። ቤቱን የማልለቀው ለእሱ ብዬ ነው፤ ባዶ ቤት ገብቶ ባዶ ቤት እንዳያድር። እሱ ደግሞ የማይሄደው ለእኔ ብሎ ነው። እንዲህ ስንተዛዘን የእሱ ፀጉር ሸበተ፣ የእኔ ጉልበት አለቀ። አሁን ደግሞ አንቺ መጥተሽ አይፈርሙ ትይኛለሽ! ማን ነሽና? ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ!»

በማግስቱ ከዘራቸውን እየመቱ ሄደው ፈረሙ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሰልፉ ከማዘጋጃ ቤቱ ወጥቶ መንገዱን ያዘ።

ቤቶቹ ጸደቁ። ኃላፊው እጇን ሊጨብጥ መጣ።

«ያን ቀን የተናገሩት ነውር ነበር» አለችው ጠመኔ። «የእኔ ሳቅ ደግሞ የባሰ ነውር ነበር።»

ሰውዬው ሰዓቱን አየ።

ሾፌሩ ግን አልመጣም። መጋዘኑ ለሌላ ሥራ ስለተፈለገ ባልዲና መወልወያ ይዛ ወለሉን ማጽዳት ጀመረች። መኝታ ቤቱ ጠፋ፣ ኮሪደሩ ጠፋ። የወጥ ቤቱን መስመር አጥፍታ ስትጨርስ ክንዷ ዛለ። እዚያው ጨርቁን እንደያዘች ተንበርክካ አለቀሰች።

«ቤቶች!»

ቀና አለች። ግድግዳ የሚባል አንድም አልቀረም፤ በፈለገው በኩል መግባት ይችል ነበር። ሾፌሩ ግን ዞሮ ሄዶ፣ ሳትጠፋ በቀረችው በር ፊት ለፊት ተገትሯል።

«ማነው?» አለች፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች።

«የአዋላጇ ልጅ።»

«ምን ፈልገህ ነው?»

«እናቴ ደረጃውን ለምን እንደወጣሽ ዛሬ ነገረችኝ። ቀጥላም ‹እኔ ቤት አግኝቻለሁ፣ አንተም የራስህን ፈልግ› ብላ አባረረችኝ። ሳልጠይቅሽ ፈረድኩብሽ። ይቅር በይኝ።»

«እኔም መሳቅ አልነበረብኝም።»

ከመወልወያው ውሃ ይንጠባጠባል።

«እና... የሚከራይ ቤት ይኖራል?» አለ።

«ይኼ ለሽማግሌ ነው። ዕድሜህ አልደረሰም።»

«እስኪደርስ እጠብቃለሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አብረን ብንጠብቅስ?»

ጠመኔ ተነሳች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ቀሚሷ ነጭ በነጭ ሆነ። ወደ በሩ መጣችና እጀታው ይሆናል ባለችው ቦታ እጇን ዘረጋች።

«ፈቀቅ በል» አለችው፤ «ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው።»