የአምበሉ ሞት በጻይልስሃይም

የወንጀል መርማሪዋ ኮሚሳር ዕፀገነት ፍራንክፈርት፣ ጻይልስሃይም ሰፈር ወደሚገኘው የኪራይ አዳራሽ ስትደርስ፣ አዛውንቱ ሳሕለ በኬለሩ፣ ማለትም በምድር ቤቱ፣ ደረጃ ግርጌ በግንባሩ እንደተደፋ ነበር። ከሸሚዙ በላይ የድሮ ኮሌጁን ቀይ ማሊያ ደርቧል።

«ሰባ ያለፈው ሰው፣ ቁልቁል ደረጃ፤ አደጋ ነው» አላት ቀድሟት የደረሰው ፖሊስ።

ዕፀገነት የደረጃውን መብራት ሞከረች። ማብሪያው ተጭኗል፤ መብራቱ ግን አልበራም። ደረጃው አናት ላይ ቆማ ብትንጠራራም አምፖሉ ጋ አልደረሰችም። ረጅሙ ፖሊስ በጓንት ሲያጠብቀው ብርሃኑ ቦግ አለ።

«አልተቃጠለም፤ ሰው አላልቶታል» አለች። ወርዳ ሳሕለ ሊያመጣው የወረደውን የፊልም ማሳያ ማሽን አየች። አጠገቡ ያለው የፊልም ቦርሳ ተከፍቷል፤ ውስጡ ግን ፊልም የለም።

ላይ አዳራሹ ውስጥ አራት ሰዎች ይጠብቋት ነበር። በ1965 ዓ.ም. በኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና፣ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠራት ትንሽ የመምህራን ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ ዋንጫውን ስትወስድ አምበሏ ሳሕለ ነበር። የዚያን ውድድር ፊልም የአሰልጣኙ ልጆች በቅርቡ ሰጥተውት፣ ፍራንክፈርት አካባቢ ያሉትን የቡድኑን ሰዎች ሊያሳያቸው ሰብስቧቸው ነበር።

በመጀመሪያ የሟቹን ሚስት ጸሃይቱን አነጋገረች።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ ጸሃይቱ። ባለቤትዎ ዛሬ ጠዋት ምን አሉዎት?»

«‹ዛሬ ካንድ ሰው ትከሻ ሸክም አወርዳለሁ› አለኝ። የማን እንደሆነ አልነገረኝም።»

«ወደ ኬለር ሲወርዱ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ከቡድኑ ተጫዋች ከጥላዬ ጋር ፊልሙ የሚታይበትን ሸራ እየወጠርን። ጥላዬ ካጠገቤ አልተለየም።»

ጃብር፣ የቡድኑ አጭሩ ኳስ አቀባይ፣ ገና ሳይጠየቅ ጮኸ። «ጥላዬን ያዢው፣ ልጄ! በዋንጫው ዋዜማ ነጭ ለባሾች መጥተው ኮከባችንን ኢዮብን ተማሪ ያሳድማል ብለው ወሰዱት። እስር ቤት ሞተ። አብሮት የሚያድረው ማን ነበር? ጥላዬ! ማን ሌላ ይጠቁመዋል?»

«እርስዎ የት ነበሩ፣ ጋሽ ጃብር?»

«ውጭ፣ ሲጋራ ሳጨስ። ብቻዬን።»

ጥላዬ ረጅም ነው፤ ከዘራው ላይ ተደግፎ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ። «ሃምሳ ዓመት ጓደኛውን ያስበላ ተባልኩ። ሰርግ አይጠሩኝም፤ ለቅሶ ብሄድ ፊት ያዞሩብኛል። ሳሕለ ደውሎ ‹ና፣ ስምህን እመልስልሃለሁ› አለኝ። እንዴት አድርጌ እሱን እገድላለሁ?»

የመጨረሻው እንደ ጥላዬ ረጅም የሆነው ሓሚድ ነበር። ተጠባባቂ ሆኖ ሄዶ፣ በኢዮብ ቦታ ገብቶ፣ የዋንጫዋን ነጥብ ያስቆጠረው እሱ ነው። ከፋብሪካ ጡረታ ወጥቶ እዚያው አቅራቢያ ዚንድሊንገን ሰፈር ይኖራል። ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፏል። ዕፀገነት አምፖሉን ሰው እንዳላላው ነግራ የት እንደነበረ ጠየቀችው።

«ሽንት ቤት ነበርኩ። አምፖል ነው ያላችሁት? ይሄ ትከሻ ጸጉሬን እንኳ አያስበጥረኝም።»

«ማን አደረሰዎት?»

«ማንም። በባስ ብቻዬን መጣሁ።»

ዕፀገነት መግቢያው ላይ ቆማ ካፖርቶቹን አየች። ሁሉም በደረት ቁመት ባሉት መስቀያዎች ላይ ናቸው። አንድ ግራጫ ካፖርት ብቻ ከጣሪያው ሥር ባለው ማንጠልጠያ ላይ ተሰቅሏል።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ» አለ ሓሚድ።

ወደ ጸሃይቱ ተመለሰች። «ፊልሙ ሌላ ቅጂ የለውም?»

«ልጄ ኣማል አስገልብጣ ስልኬ ላይ ልካልኛለች። አልከፈትኩትም።»

ዕፀገነት ብቻዋን አየችው። ከዚያ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀምጣ ስልኩ ላይ አስጀመረችው። የግማሽ ፍጻሜው ጨዋታ አልቆ ሕዝቡ ይጨፍራል። ካሜራው ወደ ተመልካቹ ሲዞር ተጠባባቂው ሓሚድ ከአንድ ጥቁር መነጽር ካደረገ ሰው ጋር ራስ ለራስ ገጥሞ ያወራል።

ጥላዬ ብድግ አለ። «ይሄ ሰውዬ! ኢዮብን ካልጋው ያስነሳው እሱ ነው! ሳሕለም በር ላይ አይቶታል!»

ዕፀገነት ፊልሙን አቆመች።

«አቶ ሳሕለም ያዩት ይህንኑ ነው» አለች ዕፀገነት። «ፊልሙ እንዳይታይ የፈለገ ሰው አምፖሉን አላላ፤ በሩ ጀርባ ቆየ፤ አቶ ሳሕለ በዳበሳ ሲወርዱ ገፋቸው፤ ወርዶም ፊልሙን ወሰደ። አምፖሉ ያለው ከፍ ብሎ ነው፤ ጠባቡ ደረጃ ላይ ወንበር አይቆምም። እትዬ ጸሃይቱም ጋሽ ጃብርም አይደርሱበትም። ጋሽ ጥላዬ ይደርሳሉ፤ ግን ሸራ ሲወጥሩ ነበር። የቀረው ክንዴ አይነሳም ያለው ሰው ነው። ግን ብቻውን መጥቶ ካፖርቱን ከጣሪያው ሥር ሰቅሏል።»

«አይነሳም አልኩሽ!» አለ ሓሚድ።

ሳሕለ ለዝግጅቱ ያመጣው ኳስ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዕፀገነት አነሳችና በድንገት ከሓሚድ ራስ በላይ ወረወረችው። ሓሚድ ዘሎ ተነሳ፤ ቀኝ እጁ ቀድሞ ሽቅብ ተዘረጋ። ኳሱን ከአናቱ በላይ ጨብጦ ቆመ። ከዚያ የገዛ እጁን አየ።

ፖሊሱ ከግራጫው ካፖርት የውስጥ ኪስ የፊልሙን ጥቅል አወጣ።

«ኢዮብ እያለ ማን ያሰልፈኝ ነበር?» አለ ሓሚድ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ስጠቁማቸው፣ ለጨዋታው ቀን ብቻ እናቆየዋለን አሉኝ። መሞቱን ስሰማ ምላሴ ተያዘ። ዛሬ ጠዋት ሳሕለ ‹አንተው ንገራቸው፤ ካልሆነ ፊልሙ ይናገራል› አለኝ። ልጆቼ ምን ብለው ያዩኛል? ጨለማ ውስጥ ጀርባውን ብቻ ነው ያየሁት…»

«እሱ እኮ ይወድህ ነበር» አለች ጸሃይቱ።

ሓሚድን ይዘውት ሲወጡ ጃብር ወደ ጥላዬ ዞረ።

«ጥላዬ… ምን ብዬ…»

«የኔን ተወው» አለ ጥላዬ። «የኢዮብ እህት ያለምዘውድ እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ሽቫንሃይም ናት። በርዋን አንኳኩቼ አላስገባችኝም። ካንተ አፍ ትስማው፤ አንተን ታምናለች።»

ጃብር ስልኩን አወጣ።

«ያለምዘውድ? ጃብር ነኝ። አዎ… ተቀመጪ፣ እህቴ። ስለ ኢዮብ ነው። ጥላዬ አልነበረም።»

ከዚያ ጃብር እንባው እየወረደ ስልኩን ለጥላዬ ዘረጋለት።

«‹ጥላዬን ላናግረው› ትላለች» አለው።