የሹፌሩ ሳህን

ክሪቢ በምትባለው የባሕር ጠረፍ ከተማ የገባ እንግዳ ሻንጣውን ሳያወርድ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «የት ነው የሚበላው?» ይህን የሚመልሱለት ደግሞ የሞተር ታክሲ ሹፌሮች ናቸው። እነሱ ወደ ግራ ካሉ ሰው ሁሉ ወደ ግራ ነው፤ ወደ ቀኝ ካሉ ወደ ቀኝ። ጀልባዎቹ ዓሣ በሚያራግፉበት ዳርቻ የተደረደሩት አሥራ አንድ ምድጃዎች እንጀራቸው በእነዚህ ሰዎች አፍ ላይ ነው።

የኦኖሪን ምድጃ የመጨረሻው ነበር፤ ከኮኮናት ዛፎቹ ሥር፣ ከመንገዱ ራቅ ብሎ። እናቷ ሠላሳ ዓመት ዓሣ ጠብሳበታለች። ከሁለት ዓመት በፊት እናትየዋ ስትታመም ደንበኛው ቀስ በቀስ ሸሸ፤ ስትሞት ጭራሽ ተረሳ። ኦኖሪን የእናቷን ዝንጅብል፣ የእናቷን ነጭ ሽንኩርት፣ የእናቷን ቃሪያ ሳታጓድል ብትሠራም ረጅሙ አግዳሚ ወንበሯ ላይ ከአሸዋ በቀር የሚቀመጥ አልነበረም።

አይ፣ ውሸት ምን ያደርጋል፤ አንድ ሰው ነበር። ምቦንጂ የሚባል ሹፌር።

በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሞተሩን ያቆምና ጥግ ይዞ ይቀመጣል። አንድ ዓሣ በቦቦሎ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ በተቀቀለ የካሳቫ ሊጥ፣ ያዛል፤ ቦቦሎውን ከቅጠሉ ፈትቶ፣ ዓሣውን እስከ አጥንቱ ግጦ፣ ጣቱን ልሶ ሒሳቡን ይከፍላል። ከዚያ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ያያታል። ያ አስተያየቱ ነው ጉዱ! እሷም እንዳላየች ከሰሉን ትቆሰቁሳለች፤ ጆሮዋ ግን ይግላል።

ከዚያ ይነሣና የዕለቱን እንግዶች ይዞ፣ በዓይኗ በብረቱ እያየችው፣ እዚያው ረድፍ ወደምትጠብሰው ማማ ዜፊሪን ይወስዳቸዋል። ሁልጊዜ! አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ እሷ ጋ አምጥቶ አያውቅም።

ነገሩ የሚያንገበግበው ለዚህ ነው። በማራገፊያው ወግ እንግዳ ያመጣ ሹፌር ከዚያው ምድጃ አንድ ሳህን በነጻ ይበላል፤ አልበላም ማለትም አይችልም። ምቦንጂ እንግዳ ቢያመጣላት አንድ ዓሣ ቀርቶ ሦስት ትጠብስለት ነበር። እሱ ግን ከኪሱ እየከፈለ መብላቱን መረጠ። ይህን ምን ትበለው?

በዚያ ቅዳሜ ግን ትዕግሥቷ አለቀ። ጠዋት የጠባሾቹ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ያቺው ማማ ዜፊሪን፣ መጥታ ቁርጡን ነግራታለች። «ልጄ፣ እናትሽ ጓደኛዬ ነበረች። ግን ደንብ ደንብ ነው። ዛሬም ወንበርሽ ባዶውን ከዋለ ሰኞ ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን» ነው ያለቻት።

ስምንት ሰዓት ላይ ምቦንጂ እንደ ልማዱ መጥቶ ተቀመጠ።

«ዛሬ ላንተ ዓሣ የለም» አለችው።

ፍርግርጉ ላይ የተዘረጉትን ስድስት ዓሣዎች አየ። «እነዚህስ? ጫማ ናቸው?»

«ቀልድህን ለማማ ዜፊሪን ውሰድላት! እንግዶችህንም ለሷ አይደል የምትወስደው?»

ምቦንጂ ኮፍያውን አስተካከለ።

«ተናገር እንጂ! ዓሣዬ ይሸታል? ጨው ይበዛበታል?»

«ከክሪቢ አንደኛ ነው።»

«ታዲያ ይህን ለማን ነግረህ ታውቃለህ?»

ምቦንጂ አሸዋውን በጫማው ጫረ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ይህን ልጅ አላየውም።

«እንግዲያው በደንብ እየኝና ሂድ» አለች። «የመጨረሻዬ ነው። ዛሬ ይህ ወንበር ካልሞላ ሰኞ ቦታዬን ይወስዱታል።»

ቀና አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ማን ነው ያለው?»

«ማኅበሩ ነዋ!»

ሁለቱንም እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ባሕሩን አየ። በመጨረሻ «ኤያንጎን ታስታውሺዋለሽ?» አላት።

ማን የማያስታውሰው አለ! ኤያንጎ ሦስት ዓመት ለማማ ዜፊሪን እንግዳ ሲያመጣ ኖሮ፣ ልጇን ወደዳትና ሽማግሌ ይዞ ሄደ። አጎቶቿ ያመጣውን ወይን እንኳ አልከፈቱትም። «አንተማ በልተሃል! ደመወዝህን በዓሣ ስትቀበል ኖረህ፣ አሁን ደግሞ ልጅ ይጨመርልኝ ትላለህ?» ብለው መለሱት። ማራገፊያው አንድ ወር ሙሉ ሳቀበት።

«አንዲት ሳህን በነጻ ከበላሁብሽ» አለ ምቦንጂ፣ ዓይኑን ከባሕሩ ሳይነቅል፣ «እኔንም አጎቶችሽ በር ላይ እንደዚያው ይሉኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ የከፈልኩት… ያንን በር ማንኳኳት ስለምፈልግ ነው።»

የኦኖሪን ልብ ዘለለ። ሁለት ዓመት በጎን ስታየው የኖረችው ሰው፣ ለካ እሱም! ወዲያው ደግሞ ደሟ ፈላ።

«ስለዚህ በረሃብ ልትፈጀኝ ነበር?»

«ኦኖሪን…»

«እናቴ ይህን ባዶ ወንበር እያየች ነው የሞተችው! መንገድ መንገዱን እያየች! አንተ ክብርህን ስትጠብቅ እሷ ሰው ትጠብቅ ነበር። ይሄ ነው ፍቅርህ? ይቅርብኝ!»

ምቦንጂ ተነሣ፤ ሞተሩን እንኳ ሳያስነሣ እየገፋ ሄደ። ኦኖሪን ጀርባውን እያየች ጥርሷን ነከሰች። ጠርታ ልትመልሰው ፈለገች፤ ኩራቷ ያዛት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአውቶቡስ ጡሩምባ ተሰማ። ከዱዋላ የመጡ አሥራ ስድስት ሰዎች ወርደው፣ ፀሐይ አናታቸውን እያቃጠለው፣ ያቺኑ ጥያቄ ጠየቁ። ከፊታቸው ሆኖ የሚመራቸው ምቦንጂ ነበር። ማማ ዜፊሪን ወንበሮቿን ጠርጋ ጨርሳለች።

«ወዲህ ልጆቼ! ወዲህ! ምቦንጂ የኔ ልጅ፣ አምጣቸው!»

ኦኖሪን ላለማየት ፊቷን አዞረች። የእግር ኮቴ ሰማች። ኮቴው ግን አልቆመም። የመጀመሪያውን ምድጃ አለፈ፤ የማማ ዜፊሪንን አለፈ፤ አምስተኛውን፣ ስምንተኛውን አለፈ።

«ምቦንጂ! መንገድ ጠፋህ እንዴ?» ብላ ማማ ዜፊሪን ጮኸች።

«የለም፣ ማማ» አለ። «ዛሬ እዚህ ነው የሚበላው።»

ሰዎቹ እየተንጫጩ ተቀመጡ፤ ወንበሩ ሞላ። ኦኖሪን ደስ ሊላት ሲገባ ክው ብላ ቀረች። ለአሥራ ስድስት ሰው ያላት ስድስት ዓሣ ነው! ጀልባዎቹ ጋ ሮጠች፤ ከትናንሽ ዓሣ በቀር የቀረ የለም። እንግዶቹ ደግሞ ውኃ ጠጥተው ጨርሰው «ኧረ ራበን!» ማለት ጀምረዋል።

ስትመለስ ማማ ዜፊሪንን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ምድጃው አጠገብ ቆማ አገኘቻት። አለቀልኝ ብላ አሰበች። ሴትዮዋ ግን እግሯ ሥር ያለውን ባልዲ በእግሯ ገፋ አደረገችው። በዓሣ ሞልቷል።

«ውሰጂ! በኋላ እንጣላለን። እንግዳ ተርቦ ከሄደ የሁላችንም ስም ነው የሚጠፋው።»

ኦኖሪን ማልቀሻ ጊዜ አልነበራትም። ዓሣውን በቢላ ተለተለች፣ ቅመሙን አሸች፣ ከሰሉን አራገበች። ቅባቱ ፍሙ ላይ እየተንጠባጠበ ጭሱ ዓይኗን ሲያስለቅሳት ደግ አደረገ፤ ሌላውንም እንባ ሸፈነላት። የመጀመሪያው ሳህን ሲቀርብ የእንግዶቹ ወሬ ቀጥ አለ። የሚሰማው ጣት ሲላስ ብቻ ሆነ።

«እኅታችን» አለ አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ «እስከ ዛሬ እኛን የት ወስደው ነበር የሚያበሉን?»

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነበር። የሹፌሩ ሳህን።

ሹፌሮቹ ሞተሮቻቸው ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ጠባሾቹ ማራገቢያቸውን አስቀምጠው ያያሉ። ካልሰጠችው ከእንግዲህ ማንም ሹፌር ደጇን አይረግጥም። ከሰጠችው ደግሞ ምቦንጂ በልቷል፤ በልቶ አበቃ። ሳህኑን ተቀብሎ፣ እንደ ወጉ ሞተሩ አጠገብ ቆሞ ብቻውን ይበላዋል፤ አጎቶቿም በራቸውን ይዘጉበታል።

ትልቁን ዓሣ አወጣች። ምቦንጂ ኮፍያውን አውልቆ ቀረበ።

«ስጪኝ» አላት ቀስ ብሎ። «እያወቅኩ ነው ያመጣኋቸው። ቦታሽ ይበልጣል።»

ተያዩ። እንዲህ ሳይሰራረቁ ሲተያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሳህኑን አልሰጠችውም። ወንበሩ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው፣ እጇን ታጠበች፣ ከሳህኑ ወዲህ ተቀመጠች። እንግዳ እያለ ምግብ የምትቀምስ ጠባሽ እዚያ ዳርቻ ታይታ አትታወቅም።

«ተቀመጥ» አለችው።

«ኦኖሪን፣ ሰው እያየ…»

«ይዩዋ! ተቀመጥና እጅህን ታጠብ።»

እሱ ሳይቀመጥ በፊት ከዓሣው ቆርሳ ጎረሰች።

«ኧረ እሷም በላች!» አለ አንዱ ሹፌር ከኋላ።

ማማ ዜፊሪን ሰውን እየገፋች መጣች። «ደግሞ ይሄ ምን የሚሉት ወግ ነው?»

«ማማ፣ የሹፌር ደመወዝ ብቻውን ነው የሚበላው» አለች ኦኖሪን። «ይህን ግን ሁለታችን ነን የምንበላው። ደመወዝ አይደለም።»

ማማ ዜፊሪን ሳህኑን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ ቆሞ የቀረውን ልጅ አየች።

«ሽማግሌ ሲላክ አጎቶችሽ እኔን ነው የሚጠይቁኝ፤ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«የማየውን ነው የምናገረው።»

«ተናገሪ፣ ማማ።»

«እንግዲህ…» አለችና ወደ ሹፌሮቹ ዞረች። «ሰምታችኋል? እኔ ያየሁት ልጅቷ ቀድማ ስትበላ ነው። እሱ ገና አልቀመሰም። በልታለች የምላቸው እሷን ነው!»

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ፈነዳ። ሹፌሮቹ ጡሩምባቸውን ነፉት። ምቦንጂ ከሳህኑ ወዲያ ዝርፍጥ አለ። እጁን ታጠበ፤ ግን አልዘረጋም።

«እናትሽን…» አለ። «እናትሽን ምን ብዬ ነው ይቅርታ የምጠይቃት?»

ኦኖሪን ያን ጊዜ ነው እውነተኛው እንባዋ የመጣው። አልጠረገችውም።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ መቃብሯ ጋ አብረን እንሄዳለን፤ ያኔ ትነግራታለህ» አለችው። «አሁን ብላ፤ እየቀዘቀዘ ነው።»