የእናቴ ዚር ላይ ያስቀመጥኩት ላፕቶፕ

እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ ስቄ አልፈው ነበር።

ግን ሆኗል። 2015፣ ሚያዝያ ውስጥ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት... አሶሳ፣ እናቴ ቤት።

ጨለማ አልነበረም። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር።

ዐወድ እባላለሁ። ስድስት ዓመት ህንድ ተምሬ ስመለስ እናቴ አልነበረችም። በኩርሙክ መንገድ መኪና ተበላሽቶባቸው፣ ትኩሳት ይዟት፣ ውሃ ውሃ እያለች ነው የሞተችው።

ለነፍሷ ብለው በራችን ላይ፣ ማንጎው ሥር፣ ዚር አቆሙላት። ዚር ትልቅ የሸክላ የውሃ ጋን ነው። መንገደኛ ሁሉ ይጠጣበታል። የቤት ሰው ግን አይነካውም። ታናሽ እህቴ ሲትና በየጠዋቱ ትሞላዋለች።

ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሦስት ነን። እኔ፣ ሲትና እና የእናቴ ወንድም ጁምዓ። ኻሊ እንለዋለን።

እኔ አሶሳ መርጋት አቃተኝ። አንድ የውጭ ኩባንያ ጌም ፈታሽ ይፈልግ ነበር። ካለፍኩ ቪዛ ይልኩልኛል። አዲሱን ጌማቸውን በከፍተኛ ጥራት፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተጫውቼ፣ የጨዋታውን ቪዲዮ ቅጂ ሐሙስ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት መላክ ነው። አንድ ጊዜ ከተቋረጠ ተሰረዘ።

ላፕቶፔ ደግሞ ሃያ ደቂቃ አይቆይም።

የጌሙን ምስል የሚሠራለት ሁለት ግራፊክስ ካርድ አለው። አንዱ ደካማ ነው፣ አይሞቅም። ሌላው ጉልበተኛ ነው፣ እንደ ምድጃ ይግላል። ሙቀቱ ዘጠና ሰባት ዲግሪ ሲደርስ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ወደ ደካማው ይቀይራል። ያኔ ጌሙ ይንቀራፈፍና ይቆማል።

ፈታሁት። አቧራውን ጠረግሁ። ሙቀት የሚያስተላልፈውን የደረቀ ፔስት ቀየርኩ። ከሥሩ የለስላሳ ቆርኪ አስገብቼ ከፍ አደረግሁት። ሴቲንግ ገብቼ ሁልጊዜ በጉልበተኛው ብቻ እንዲሠራ አዘዝኩት።

ጭራሽ እየጠፋ አስቸገረኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ዓይኔ ዚሩ ላይ አረፈ።

ሸክላ ያልበዋል፣ ላቡ ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል። ይህ ፊዚክስ ነው። ተሸክሜ ክፍሌ አስገባሁት። ውሃውን ግማሽ ደፋሁ፣ አፉ ላይ የሽቦ ወንፊት ጣልሁ፣ ላፕቶፑን ከላይ አስቀመጥኩ።

ሲትና በሩን ተደግፋ ሳቀች።

«ሰው ለሚስቱ እንኳ እንዲህ አይጨነቅም።»

«ለሦስት ቀን ነው። ሐሙስ እመልሰዋለሁ።»

«ለእማ ራስህ ንገራት። ሲጠማት እንደሆነ አልነበርክም።»

ጉልበተኛውን ካርድ አስነሳሁ።

ሃያ ደቂቃ... አርባ ደቂቃ... አርባ ሦስት ዲግሪ።

በደስታ ጮህኩ።

ከጓዳ ቀስ ያለ የሲትና ድምፅ መጣ። «ዐወድ... ራሴን።»

ላፕቶፑን ስዘጋ ተሻላት። ተነስታ ራት ሠራች። እኔም ረሳሁት።

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል አስኬድኩት። ሲትና ጓዳ ውስጥ ወደቀች። ጎረቤታችን ሲስተር ብሪቱ፣ የባምባሲ ልጅ፣ ጣቷን ወግታ ደሟን መረመረች።

«ወባ የለባትም» አለች። ቴርሞሜትሩን አየች... አራግፋ ደግማ ለካች። «ዋቃ ኮ፣ አምላኬ! አርባ ነጥብ ሁለት!»

በዚያው ሰዓት በር ተንኳኳ።

አንዲት አሮጊት ሸክሟን አውርዳ ማንጎው ሥር ቆማለች። ቋንቋችንን አትችልም፤ በተሰባበረ አማርኛ ነው ያናገረችኝ።

«ውሃው የታል? ሁልጊዜ እዚህ ነበር።»

«ዛሬ የለም፣ እናቴ።»

እኔን አላየችም። በትከሻዬ ላይ አሻግራ ቤቱን አየች።

«ሴትዮው ጠምቶታል» አለች በሹክሹክታ። «መልስ።»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

ሸክሟን አንስታ ሄደች። ከብሪቱ በቀር ቤቱ ውስጥ የነበረችው ሴት ሲትና ብቻ ናት... ሲትና ደግሞ አሁን ጠጥታለች።

ውጭ ሄጄ ያመጣሁት አንድ እምነት ቢኖር ቴርሞሜትር ነው። የብሪቱን ተዋስኩና እህቴ ብብት ሥር አስገባሁ።

ወደ ደካማው ካርድ ቀየርኩ። ቆይቼ ለካሁ። ሠላሳ ሰባት።

ወደ ጉልበተኛው ቀየርኩ። ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አራት።

ወደ ደካማው። ሠላሳ ሰባት።

እንደገና ወደ ጉልበተኛው ልቀይር ስነሳ ሲትና እጄን ያዘችኝ።

«ምንድን ነው የምትሠራው?»

«እየሞከርኩ ነው።»

«እኔ ላይ?»

እጄን አላቅቄ ሄጄ ቀየርኩት።

ማታ ኻሊ ጁምዓ ክፍሌ ገብቶ ዚሩን አየው። አልጮኸም።

«መልሰው።»

«ነገ።»

«ዛሬ መልስ፣ አንተ ልጅ። ሙቀት እንደ እንግዳ ነው። ከአንዱ ቤት ስታባርረው ሌላ ቤት ገብቶ ያድራል።»

«አራት ሙከራ ማስረጃ አይሆንም፣ ኻሊ» አልኩት። በእውነት እንዲህ ነው ያልኩት።

ሐሙስ፣ ስምንት ሰዓት። ለሲትና ፓራሲታሞል ሰጠኋት። ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ አደረግሁላት። ክፍሌን ከውስጥ ቆልፌ ጀመርኩ።

አርባ ሦስት ዲግሪ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ማሽኑ ሠላሳ ስምንት።

ከዚያ... ሠላሳ አንድ።

ክፍሉ ራሱ ሠላሳ ስድስት ነው። ፋን ደግሞ ማሽንን ከሚስበው አየር በታች ማቀዝቀዝ አይችልም። የዚሩ አየር ቀዝቃዛ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሃያ ሁለት ሲሆን ማጽናኛው አለቀብኝ። ቁልፎቹ ጣቶቼን ያደነዝዙ ጀመር።

መብራት ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሄድ ጥፋቱ የእኔ አይሆንም።

አልሄደም። አሶሳ ላይ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ መብራት አልሄደም።

አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ኻሊ በሩን ደበደበ።

«ባጃጅ አቁሜያለሁ! ና አንሳት፣ ወገቤ አይችልም!»

«አርባ ደቂቃ!»

«ምን?»

«አርባ ደቂቃ ብቻ፣ ኻሊ!»

ከበሩ ጀርባ ትንፋሹ ይሰማኛል።

ከዚያ ሲጎትታት ሰማሁ። ምንጣፉን ይዞ... ትንሽ ይጎትታል... ይቆማል... ይጎትታል... ይቆማል።

ሲትና ስሜን አልጠራችም። ውሃ ነው የጠራችው። መጀመሪያ በራሷ ድምፅ።

በኋላ በእናቴ ድምፅ።

የላፕቶፑን ክዳን መዝጋት ብቻ ነበር። አንድ እጅ ይበቃል። ያን ጊዜ ተጠራጥሬ ነበር ብል ውሸት ነው። አምኜ ነበር። አምኜ ነው የተጫወትኩት።

አሥራ ዘጠኝ... አሥራ አንድ... አራት ዲግሪ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጨረስኩ። ቅጂውን ላክሁ። መድረሱን እስኪነግረኝ ተቀምጬ ጠበቅሁ።

ስወጣ ባጃጁ ሞተሩን አጥፍቶ ቆሟል። ኻሊ ግቢው መሬት ላይ ተቀምጧል። የሲትናን ጭንቅላት በጋቢ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስደግፎታል።

ጎንበስ አልኩ።

«አትንካት» አለኝ።

መዳፎቹን ዘረጋልኝ። ሁለቱም እሳት እንደነካቸው ተልጠው ውሃ ቋጥረዋል።

ሌሊቱን የለቅሶው ሰው ሁሉ እስኪነጋ ጠበቀ። ዓርብ ጠዋት ያጠቧት ሴቶች እጃቸውን በነጠላቸው ውስጥ ደብቀው ወጡ። የተሸከሟት ወንዶችም ቃሬዛውን እየተቀባበሉ ሮጡ እንጂ እንደ ሌላው ቀን ቀስ ብለው አልሄዱም።

ቅዳሜ ጠዋት ኩባንያው ጻፈልኝ። እንኳን ደስ ያለህ፣ ተቀብለንሃል ይላል።

ሌሊቱን የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጥሎ አገሩ ቀዝቅዞ ነበር። ጃኬት ደርቤ ወደ ሲትና መቃብር ሄድኩ።

ሌሎቹ መቃብሮች ሁሉ ጭቃ ናቸው። የእሷ አፈር ደርቋል።

የሰፈሩ ፍየሎች ላዩ ላይ ሰፍረዋል። አሥር ይሆናሉ... ተጠጋግተው፣ ሆዳቸውን ከአፈሩ ጋር አጣብቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። አንዲት ግልገል ቦታ አጥታ፣ በሌሎቹ መሃል ለመግባት በአፍንጫዋ ትገፋለች።

ላባርራቸው ድንጋይ አነሳሁና ወረወርኩ። አንዷን ጎኗን አገኘኋት።

ዓይኗን ገልጣ አየችኝ... መልሳ ጨፈነች።