ለዎርዱ ያልተነገረ ቁጥር

የሆስፒታሉ ነርሶች «መላ» ብለው ስም አውጥተውለታል። ፕሪንተር ቢቆም፣ ስክሪን ቢጠፋ፣ የይለፍ ቃል ቢረሳ እሱ መላ አያጣምና። ስሙን ወዶታል።

መላ የላቦራቶሪውን ሰርቨር፣ ውጤቶቹ የሚቀመጡበትን ዋና ኮምፒውተር፣ ይጠብቃል። ባልደረባው የፋርማሲውን፣ ትንሿ የሚሏት ባለሙያ ደግሞ የዎርዶቹን፣ ማለት የሕሙማን ክፍሎቹን፣ ኮምፒውተሮች ይይዛሉ። በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ፕሮግራሞች ይኖራሉ፤ እያንዳንዱም ጥያቄ የሚቀበልበት ፖርት የተባለ ባለቁጥር በር አለው። ቁጥሩን የሚመርጠው ፕሮግራሙን የጫነው ሰው ነው፤ በእነሱ የኮምፒውተር ክፍል ደግሞ ልማዱ የልጅን የልደት ዓመት መስጠት ነበር። መላና የፋርማሲው ሰው በአንድ ዓመት ስለ ወለዱ፣ ሁለቱ ፕሮግራሞች በየሰርቨራቸው አንድ ቁጥር ይዘው ይኖሩ ነበር። እንደ ዝምድና ተቆጥሮ ይሳቅበታል። ትንሿ ተመካክረን ለእያንዳንዱ ፕሮግራም በየትኛውም ማሽን ሌላ የማይጋራው ቁጥር እንስጥ ስትል፣ መጀመሪያ አግቢና ውለጂ፣ ያኔ አንቺም ቁጥር ይኖርሻል አሏት።

አንድ ጠዋት የፋርማሲው ሰርቨር ተበላሸና ፕሮግራሙ ወደ ላቦራቶሪው ሰርቨር ተዛወረ። በሩ ግን አንድ ነው፤ ሁለት ፕሮግራም አያስገባም። መላ አላመነታም። እንግዳ ይቅደም ብሎ የፋርማሲውን በነባሩ ቁጥር አስገብቶ ለላቦራቶሪው አዲስ ቁጥር ሰጠ። ሁለቱም ፕሮግራሞች ሥራ ጀመሩ። እጁን አፋተገ።

«ዎርዶቹ እኮ ውጤት የሚጠይቁት በድሮው ቁጥር ነው። አዲሱን ንገረኝና ላስተካክል» አለች ትንሿ።

«ከምሳ በኋላ። አንቺ ደግሞ ሳያምሽ የምታቃስቺ ነሽ» አላትና ወጣ።

ከምሳ ሲመለስ የእህቱ ባል ደወለለት። ታላቅ እህቱ በሆድ ሕመም ጠዋት እዚያው ሆስፒታል ገብታለች፤ ሐኪሙ ለቀዶ ሕክምና የደም ውጤት እየጠበቀ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ውጤት የለም ይላል። መላ ላቦራቶሪው ጋ ደወለ። ውጤቱ ከወጣ ቆይቷል አሉት።

ያኔ ገባው። ዎርዱ ሲያንኳኳ የዋለው የድሮውን በር ነው፤ ከውስጥ ሆኖ በዚህ ስም ምንም የለም እያለ የሚመልሰው የፋርማሲው ፕሮግራም ነው። አዲሱን ቁጥር ለትንሿ ነግሮ፣ ውጤቱን በወረቀት ከላቦራቶሪ ነጥቆ ደረጃውን በሩጫ ወጣ።

እህቱን ወዲያው ወደ ቀዶ ሕክምና አስገቧት፤ ትርፍ አንጀቷ ግን ፈንድቶ ነበር። ሐኪሙ፣ ቀደም ብላ ብትገባ ቀላል ነበር ብሎ አለፈ።

ከዚያ ወዲህ በክፍሉ ማንም ብቻውን ቁጥር አይቀይርም፤ ሁሉም ማሽን ቁጥሩን የሚያነበው ከአንድ ቦታ ነው። የትንሿን ሐሳብ ተቀብሎ ይህን ያመጣው መላ ነው። እኛ ጋ ሠርቷል ማለት ሥራው አልቋል ማለት አይደለም፤ ከወዲያ ማዶ የሚጠብቅ ሰው አለ። ግን ይህን መረዳት አንድ ነገር ነው፣ የሚጠብቀውን ሰው ፊት ማየት ሌላ።

እህቱ አልጋ ላይ ሆና ጠያቂ በመጣ ቁጥር፣ ወንድሜ ባይኖር አብቅቶልኝ ነበር ትላለች። መላ መሬት መሬት ያያል። አንድ ቀን ከጎኗ ባለው አልጋ አጠገብ የተቀመጡ ሽማግሌ ሰሟት።

«ታድለሻል፣ ልጄ» አሉ። «እኛም የመጣነው ያን ዕለት ነው። የሚሮጥልን ሰው ስላልነበረን፣ ውጤቱ ገና ነው ሲሉን ጠበቅን።»

ባለቤታቸው አልጋው ላይ ዓይኗን ጨፍናለች። ከገባች ጀምሮ ከአልጋ አልወረደችም።

መላ ቀና ብሎ፣ «አባቴ፣ ያዘገየኋችሁ እኔ ነኝ» አለ። ወደ እህቱም ዞረ። «አንቺንም።» ከዚያ ስለ በሩ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ምሳው ሳይቀር ነገራቸው።

እህቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሽማግሌው ቆጣም አላሉ፤ በተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት።

«ቁጭ በል» አሉት። «ስትነቃ ለእሷም ራስህ ትነግራታለህ።»

ተቀመጠ።