«ዋና» የሚለው ፎልደር

ፋይሉ በቦታው አልነበረም። ሰረዝ «መጽሔት» የሚለውን ፎልደር ዘግታ እንደገና ከፈተችው፤ ምናልባት ኮምፒውተሩ አፍሮ ይመልሰው እንደሆነ ብላ። አላፈረም። የሎጋ ጽሑፍ አለ፤ ግጥሞቹ አሉ፤ ያ የማያስቀው የቀልድ ዓምድ እንኳ አለ። እሷ ስለ ትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሦስት ሳምንት ሙሉ በእጇ ስትጽፍ፣ ስትሰርዝ ቆይታ ትናንት ረቡዕ ወደ ኮምፒውተሩ ያስገባችው ታሪክ ግን የለም።

የመጽሔት ክበቡ መምህርት ነገ ከሰዓት አንድ ጽሑፍ መርጠው ለትምህርት ቤቶች ውድድር ይልካሉ። አንድ ብቻ። ለዚያ የደረሱት ሁለት ልጆች ናቸው፤ እሷና ሎጋ። ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ የተቀመጠውን የክበቡን ኮምፒውተር የይለፍ ቃል የሚያውቁትም ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ሁለቱንም በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ሎጋ ቁመቷ ነው ስም ያወጣላት። ሰረዝ ደግሞ የሰው ደብተር ላይ ሳይቀር ነጠላ ሰረዝ ካልጨመረች እንቅልፍ አይወስዳትም። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። ቢሆንም የሰረዝ እናት በቀን ሦስቴ የምትደግመው ተረት አለ፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

የፋይሉን ስም መፈለጊያው ላይ ጻፈች። አንድ ውጤት መጣ። ጽሑፏ «ሎጋ» በሚል ፎልደር ውስጥ፣ እዚያም ውስጥ «ዋና» በሚል ሌላ ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል።

ዋና። የሰውን ሥራ ወስዳ ዋና ጽሑፏ አድርጋዋለች ማለት ነው።

ነገሩ ከሰኞ ጀምሮ ይሸት ነበር። ፋይል ሴቭ ሲደረግ በሚከፈተው መስኮት፣ በግራ በኩል በአንድ ክሊክ የሚገባባቸው ፎልደሮች ተደርድረዋል። ከላይ የነበረው «መጽሔት» ነበር። ሰኞ ግን ወደ ታች ወርዶ በቦታው «ዋና» ተተክቶ አገኘችው። ያኔ ዝም አለች። አሁን ዝምታዋ አናደዳት።

ሎጋን ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ለምን ታቅፈዋለች?

«የፎልደሮቹን ዝርዝር የነካካሽው አንቺ ነሽ?»

«የቱን?»

«ሴቭ ስናደርግ በግራ በኩል የሚመጣውን።»

«እ፣ እሱን። አዎ። በየቀኑ አምስት ፎልደር ከማቆራርጥ ብዬ የምፈልገውን ጎትቼ ከላይ ሰቀልኩት። ምነው?»

«ምንም።»

«ፊትሽ ግን ‹ምንም› አይልም።»

«ፊቴ ነው፤ ምን ላድርገው?»

ሎጋ ሳቀች። ሰረዝ ሳቁን መዘነችው፤ ለቀልዱ ትንሽ በዝቷል።

«ደግሞ ያንቺን ጽሑፍ አነበብኩት» አለች ሎጋ እንደ ዋዛ። «አሪፍ ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ብቻ ተንዛዝቷል።»

«የት አግኝተሽው?»

«እዚያው ነዋ። ፊቴ ድቅን ሲል ምን ላድርግ?»

ድቅን አለ። ጽሑፍ በራሱ እግር ይሄዳል እንዴ? ሰረዝ ጀርባዋን ሰጠቻት። በቀጥታ ወደ መምህርቷ ቢሮ ሄደች።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሏት መምህርቷ።

«በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቲቸር።»

መምህርቷም መጥተው መፈለጊያው ያወጣውን ውጤት በዓይናቸው አዩ። ሎጋን አስጠርተው ሲጠይቋት «እንዴት እዚያ እንደገባ አላውቅም» አለች፤ እንዲህ የሚል ሰው ደግሞ የሚያምነው የለም። የይለፍ ቃሉ ተቀየረ። የሎጋ ጽሑፍ ከውድድሩ ወጣ። የጠቋሚው ስም አልተነገረም።

አርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሎጋ ቤተ መጻሕፍት መጣች። ዓይኗ አብጧል። ሰረዝ የመጨረሻ እርማቷን ትሠራ ነበር።

«አንድ ነገር ልለምንሽ» አለች ሎጋ ፍላሽ እየዘረጋች። «እኔ መግባት አልችልም። ‹ዋና› የሚለውን ፎልደር ገልብጪልኝ። አሠልጣኙ ነገ ለግጥሚያ የሚገቡትን ሊመርጥ ነው። የስድስታችንም ሰዓት እዚያ ነው ያለው።»

«የምን ሰዓት?»

«የዋና ነዋ። ውኃ ውስጥ ስንንቦጫረቅ የሚያዝልን ሰዓት። ለቡድኑ የምመዘግበው እኔ አይደለሁ?»

ሎጋ «ና»ን አላልታ ነበር ያለችው። ሰረዝ ቃሉን በጆሮዋ ስትሰማው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እስካሁን በዓይኗ ብቻ ነበር የምታየው፤ ዓይን ደግሞ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። እሷ ከሰኞ ጀምሮ «ና»ን አጥብቃ ስታነበው ከርማለች።

ፎልደሩን ከፈተችው። «ሃምሳ ሜትር በጀርባ»። «መቶ ሜትር በደረት»። «የቡድኑ ስም ዝርዝር»። በመሃላቸው የሷ ዘበኛ፣ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው መስሎ።

ረቡዕ ትዝ አላት። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ «ልዘጋ ነው» ሲሉ፣ እሷ ስትጣደፍ፣ መስኮቱ ሲከፈት። እጇ እንደለመደው ወደ ላይኛው ቦታ ሄዷል። «ዋና» ይላል። ዋናው ቅጂ ዋናው ውስጥ ካልገባ የት ሊገባ ነው? ተጭናለች። ወጥታለች።

«ማን እንደሸጠኝ አውቃለሁ» አለች ሎጋ። «ያ የቀልድ ዓምድ አዘጋጅ ነው። ‹አያስቅም› ስላልኩት ቂም ይዞብኛል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉሻል ይሄ ነው።»

«እሱ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ታዲያ ማን ይሆናል? አንቺ?» አለችና ባበጠ ዓይኗ ፈገግ አለች።

ሰረዝ ፍላሹን ሰካች። ፋይሎቹ እስኪገለበጡ ድረስ አየቻቸው። ረቡዕ ያንን ክሊክ ያየ ሰው የለም። ኮምፒውተሩም አይናገርም። ቀልደኛውን ልጅ ደግሞ ማንም አይወደውም፤ ጥርጣሬውን ተሸክሞት ይሄዳል። ጽሑፏ ብቻውን ይላካል፣ ምናልባትም ያሸንፋል። የሚጠበቅባት ፍላሹን ነቅላ «እንኪ» ማለት ብቻ ነው።

ነቅላ ሰጠቻት።

«ተባረኪ» አለች ሎጋ። «ለአሠልጣኙ ላድርስ።»

«ቆይ። ቲቸር ቢሮ ናቸው?»

«ናቸው። አሁን ሳልፍ የአንቺን ሊልኩ ሲዘጋጁ ነበር። ምነው?»

ሰረዝ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። ተነሣች።

«አብረሽኝ ነይ።»

«እኔ? ትናንት እኮ ነው ያባረሩኝ።»

«ነይ በቃ» አለች ሰረዝ። «ሁለት ጊዜ መናገር አልችልም።»