ጎራዴ የሌላት ጀግና

«አሁን ይሄ ምንድን ነው?»

ሱሀይላ ጣቷን ወረቀቱ ላይ ተከለች። ሚኒባሱ ከደሴ መናኸሪያ ገና መውጣቱ ነው።

«ጎራዴ ነዋ» አለ ካሊድ፣ ያለ ምንም ሀፍረት።

ሦስተኛው መሆኑ ነው። መጀመሪያ ለጣይባ ክንፍ አበቀለላት። ቀጥሎ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ አጫማት፤ ለዚያውም ተራራ ለምትወጣ ሴት! አሁን ደግሞ ጎራዴ። ጣይባ የሱሀይላ ድርሰት ጀግና ናት፤ ካሊድ ደግሞ የክፍሏ ልጅ፣ የድርሰቱ ሠዓሊ። ኮምቦልቻ በሚደረገው የሥዕላዊ ታሪክ ውድድር ትምህርት ቤታቸውን የሚወክሉት እነሱ ናቸው። ምዝገባው የሚዘጋው ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

«በአላህ፣ ታሪኩን አንብበኸዋል? ሁለት መንደር ሊፋጅ ሲል ጣይባ መሀል ገብታ ዱዓ ታደርጋለች። ዱላ ጨብጦ አሚን ማለት አይቻል! ሁሉም እጁን ሲዘረጋ ዱላው ይወድቃል። አለቀ! አክስቴ ሰዒዳ ቢስቲማ ከተማ በእውነት ያደረጉት ነው።»

«እሱ ጥሩ ነው፤ ግን ይደብራል። አክሽን የሌለው ነገር ማን ያያል? ፊልም ላይ ያሉትን ሴቶች አላየሻቸውም? ሃምሳ ሰው ረፍርፈው ፀጉራቸው እንኳ አይበተንም።»

«እኔንም ያንገሸገሸኝ እሱ ነው!»

ድምፅዋን ሰምተው የአማርኛ መምህርታቸው ነፃነት ከፊት ወንበር ዞር አሉ። «ሱሀይላ፣ መጨረሻውን ስትቀይሪው እንዴት አማረ መሰለሽ! አርባ ሽፍታ ብቻዋን ስትረፈርፍ! ጣይባ ወንድ ናት!»

ሱሀይላ ክው አለች። እሷ ምንም አልቀየረችም። ካሊድ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። የውድድሩን ማኅደር ከእጁ ነጥቃ ከፈተችው፤ የመጨረሻው ገጽ በእሱ የእጅ ጽሑፍ ተጽፎ ከሥሩ የእሷ ስም ሰፍሯል።

«እንድናሸንፍ ብዬ ነው» አለ በሹክሹክታ። «ወላሂ ላንቺው ብዬ ነው።»

ሱሀይላ በገነች። ከውሸቱ ይልቅ ያቃጠላት ግን «ወንድ ናት» የተባለው ነው። ጎበዝ ሴት ሁሉ ወንድ የምትባል ከሆነ፣ ሴት ለመባል ምን ማድረግ አለባት? መፍራት?

የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ሲጀምሩ ከኋላ ጩኸት ተነሣ። አንድ ተሳፋሪ ጆንያውን መተላለፊያው ላይ ዘርግቶ አላነሣም ብሏል። ረዳቱ «አንሣ ብያለሁ!» እያለ ይጮሃል፤ ሰውየው «ብታነሣው እጅህን እሰብረዋለሁ» ይላል። ሁለቱም ቆመው አንገት ለአንገት ሊያያዙ ሆነ።

«ኧረ አላህን ፍሩ!» አሉ ከጥጉ አንዲት አሮጊት። «እስቲ እጃችሁን ዘርጉ። ያ አላህ፣ ይኼን ቁልቁለት በሰላም አውርደን!»

«አሚን!» አለ መኪናው ሁሉ።

«ከመሀላችን ሸይጧንን አርቅልን!»

«አሚን!»

ባለ ጆንያው እጁን ዘርግቷል። አንገቱ ላይ መስቀል ያሰረው ረዳትም ዘርግቷል። ካሊድም ባለ ጎራዴዋን ጣይባ ከጭኑ ላይ ጥሎ ዘርግቷል። ዱዓው ሲያበቃ ረዳቱና ባለ ጆንያው እየተነጫነጩ ጆንያውን በጋራ ወደ ጥግ ገፉት።

«አየህ?» አለች ሱሀይላ።

«አየሁ። ግን ይሄ እንዴት ይሳላል?» አለ ካሊድ፣ ሥዕሉን ከወለሉ ላይ እያነሣ። እንዴት እንደሚሳል እሷም አለማወቋ ሌላ ንዴት ሆነባት።

ኮምቦልቻ፣ የምዝገባው ጠረጴዛ ጋ ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ሱሀይላ የካሊድን ገጽና ሥዕሎች ከማኅደሩ አውጥታ፣ በምትካቸው ከደብተሯ የራሷን የመጀመሪያ ጽሑፍ ገንጥላ ለመዝጋቢው ሰጠችው።

«ሥዕሉስ?»

«የለውም።»

«ሱሀይላ፣ ምን ነካሽ?» አሉ መምህርት ነፃነት። «ሽልማቱ ያለው እኮ ለሥዕላዊው ነው!»

«ያለ ሥዕል የሚገባው ንባብ ላይ ብቻ ነው» አለ መዝጋቢው። «እዚያ ደግሞ ራስሽ መድረክ ላይ ወጥተሽ ነው የምታነቢው።»

ሱሀይላ ክፍል ውስጥ እንኳ እጇን አውጥታ አታውቅም። አዳራሹ ውስጥ የሚንጫጫው ተማሪ ስንት መቶ እንደሆነ አላህ ይወቅ።

«መምህርት፣ መጨረሻውን የቀየርኩት እኔ አይደለሁም» አለች። ከዚያ ወደ መዝጋቢው ዞረች። «አነባለሁ።»

ካሊድ ሥዕሉን ይዞ ቆሞ ቀርቷል።

«እሷ ያንተ ናት» አለችው። «ሌላ ስም አውጣላት።»

ከዚያም ሄዳ የአንባቢዎቹ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቆመች።