ከነአተላው የተጠጣው ቢራ

ገረመው ኦክላንድ ባለው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ፣ ስለ ቤልጂየም የድሮ ቢራ በሰበሰባቸው መጻሕፍት መካከል እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ፊቱ ደም መስሏል፤ ብርጭቆው ባዶ ነው። ብርጭቆው ሲመረመር ጠጪውን እያሳመመ መጠጥ ለማስጠላት የሚታዘዝ መድኃኒት ተገኘበት። የታመመ ልቡ አልቻለውም ነበር።

መርማሪዋ ነጃት ዕድሜዋን ሙሉ መጠጥ ቀምሳ አታውቅም። ስለዚህ ትጠይቃለች እንጂ አትገምትም።

የቢራውን ጠርሙስ ያመጣለት ጓደኛው ሚክያስ ነው። በዚያው ሰሞን ተጣልተው ስለነበር ሁሉም ጣቱን ወደ እሱ ቀስሯል፤ ዛሬ ነጻ ካልወጣ መታሰሩ ነው።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በአቀዳድ» አለ ሚክያስ። «ይሄ ቢራ እንደ ጠላ አተላ አለው። ገሬ ቀስ አድርጎ ይቀዳና አተላውን ጠርሙሱ ውስጥ ይተወዋል። ስንት ዓመት ሪሰርች አድርጎበታል። እኔ ገልብጬ ብቀዳለት ሰው ፊት ሲንክ ውስጥ ደፋው።»

ከሳን ሆዜ የመጣው የገረመው ወንድም ዘርትሁን ሳይወድ ፈገግ አለ። «እኔም ሞልቼ ብሰጠው መልሶልኛል።»

ክሊኒክ የምትሠራው የሟቹ ሚስት ያለምዘውድ ግን ቀና አላለችም። «እኔ ጌታን ካገኘሁ ወዲህ ጠርሙስ ነክቼ አላውቅም። ጋራዡም አልገባም።»

ነጃት ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አነሳችው። ጠብታ አልቀረበትም። አተላው ብርጭቆው ላይ እስከ አፉ ድረስ ደርቋል። ነገሩ አላማራትም።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«የቀዳው ሰው ቢራ አያውቅም» አለች። «ለእንግዳ እንደሚቀዳ፣ እንዳይጎድል ብሎ ጢም አድርጎ ሞልቶታል። ሚክያስ አንዴ ተዋርዶበታል፤ አይደግመውም። እኔን የከነከነኝ ግን የጠጣው ነው። የጓደኛውን ደፋ፣ የወንድሙን መለሰ፤ ይሄንን ከነአተላው ጨረሰው። ማን ቢቀዳለት ነው እምቢ የማይለው?»

ዘርትሁን ቀስ ብሎ ወደ ወንድሙ ሚስት ዞረ።

«እትዬ ያለም» አለች ነጃት፣ «መድኃኒቱ ከሚሠሩበት ክሊኒክ ነው?»

«ታሞ እንዲተወው ብዬ ነው» አለች ያለምዘውድ። «ልቡን እንደሚያመው አልነገረኝም።»

«ሲሰጡት ምን አለ?»

ያለምዘውድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«“ዛሬ አንቺ ቀዳሽልኝ?” አለ። ደስ ብሎት ነበር። ሲመረው አየሁ፤ ግን እኔን እያየ ጨረሰው።»